ጨዋ የተባለው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ ዳለቻ የሚባለውን ውርንጭላ ጅብ በላው።

ዳለቻ ተማሪ ነበር። የእንስሳት ልጆች ሁሉ ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ይማሩ ነበር፤ መምህራቸው እመት ጦጢት ነበረች። ዳለቻ በገባ ሰሞን ሲጠየቅ እያናፋ ይመልስ ነበር። አንድ ቀን የቀበሮው ልጅ የራሱን ጆሮ ደፍኖ፣ «ኧረ ሰማዩ ተቀደደ! የሚሰፋ ጥሩልን!» አለ። ሁሉም አውካኩ።

ከዚያ ወዲህ ዳለቻ አላናፋም። ከኋላ፣ ከአንድ ጉቶ አጠገብ ብቻውን መቆም ጀመረ። ጠዋት ጠዋት፣ «አባዬ፣ ሆዴን አመመኝ» ይላል። አባቱ አህያ ሆዱን በአፍንጫው ዳሰስ አድርጎ ይልከዋል። ወላጆች በተጠሩ ዕለት እመት ጦጢት፣ «የዳለቻ አባት፣ ይባረኩ! አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። መኖሩም አይታወቅም» አለችው። አባቱ ደስ አለው። ማታ ለልጁ ከወንዙ ዳር ለምለም ሣር ነጭቶ አመጣለት።

ጅቡ የመጣው ዳለቻ ከሁሉም ኋላ ብቻውን ሲመለስ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ነው። አብረውት የሚማሩት ፍየሎች ወንዙን ተሻግረው ገና ማዶው ላይ ነበሩ። አንዴ ቢያናፋ ይሰሙት ነበር። አላናፋም። መምህሯም መጥፋቱን ያወቀችው በማግስቱ አባቱ መጥቶ ሲጠይቃት ነው።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ አህያው ተመልሶ ወደ ዋርካው ሄደ። ልጁ የሚቆምበትን ቦታ ማየት ፈልጎ ነው።

«እግዜር ያጥናዎት፣ የዳለቻ አባት» አለች እመት ጦጢት። «እንደሱ ያለ ጨዋ አልነበረኝም።»

«የት ነበር የሚቆመው?»

«እዚያ፣ ከጉቶው ጋ።»

ከጉቶው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሚዳቋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«እሷስ?»

«እሷማ የእሱ ምትክ ናት! ቃል አይወጣትም። ዝምታ ወርቅ ነው፣ ምን ልበልዎ።»

የአህያው ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «ምሳዋን ከማን ጋር ትበላለች?»

እመት ጦጢት ጭራዋን አየች። «እሱን እንኳ ልብ አላልኩም።»

«ወደ ቤቷስ ከማን ጋር ትሄዳለች?»

የቀበሮው ልጅ ጣልቃ ገባ። «ከሸንበቆ እግሮቿ ጋር!»

ልጆቹ አውካኩ። ሚዳቋዋ አንገቷን ይበልጥ ደፋች።

«አዩ፣ አትመልስም እኮ!» አለች እመት ጦጢት። «ጨዋ ናት።»

አህያው ወደ ቤቱ አልሄደም። ትምህርቱ እስኪያበቃ እዚያው ቆመ።

ልጆቹ ሲለቀቁ ፍየሎቹ ከፍየሎቹ፣ ጦጣዎቹ ከጦጣዎቹ ጋር ሆነው ወንዙን ተሻገሩ። ሚዳቋዋ ከኋላ ቀረች። አህያው ራቅ ብሎ ተከተላት። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣ። አህያው ሮጦ ከመሃላቸው ገባ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለ ጅቡ።

«ማንም። ልጄም አልጠራኝም።»

«አሃ! ያ ውርንጭላ ያንተ ነበር? እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነበር! ትንፍሽ እንኳ አላለም።» አያ ጅቦ ማመስገኑ ነበር። «እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም። የሚጮኸውን አልነካም፤ የሚጮህ ወገን አለው። ይቺን ሳዳምጥ ከረምኩ፤ ድምፅ የላትም። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁልኝ!» ምራቁን ዋጠ።

አህያው ራሱ ማናፋት ይችል ነበር። ነገር ግን ነገ በዚህ መንገድ እሱ አይኖርም። ዐይኑን ከጅቡ ሳይነቅል፣ «ልጄ፣ ጩኺ» አላት።

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ከሳቁ ሰምተዋል ማለት ነው።»

ሚዳቋዋ ጮኸች። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ነበር። ከማዶ የቀበሮው ልጅ፣ «ስሙ! ሸንበቆዋ ዋሽንት ሆነች!» ብሎ ሳቀ። ሊያያትም ዞር አለ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«ጅብ! ኧረ ጅብ!»

ፍየሎቹ ቀንዳቸውን ደቅነው ተመለሱ። ጦጣዎቹ ድንጋይ አዘነቡ። አህያው በኋላ እግሩ አንድ አቀመሰው። አያ ጅቦ፣ «ድምፅ አልነበራትም እኮ!» እያለ፣ እያነከሰ ጫካ ገባ።

የቀበሮው ልጅ ሚዳቋዋን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ዋሽንት ያልኩሽ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ቤቷ እስኪደርሱ ግን ከጎኗ አልተለየም።

አህያው ከኋላ ከኋላ እያለ ሸኛቸው። የሚዳቋዋ እናት በሩ ላይ አይታው ደነገጠች።

«ምነው፣ አስቸገረች እንዴ?»

«አላስቸገረችም። ታስቸግር» አላት። «ነገ ስትመለስ ‹ጨዋ ሆነሽ ዋልሽ?› አይበሏት። ‹ከማን ጋር ዋልሽ?› ይበሏት።»

ከዚያ ብቻውን ወደ መሻገሪያው ተመለሰ። ዳለቻ የወደቀበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ረጅም አናፋ። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ተሰማ። የሳቀ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዝም ያለን ልጅ «ጨዋ» ብለን ከማመስገናችን በፊት ዝም ያሰኘው ምን እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚውል መጠየቅ እንዳለብን ነው።