ለመጨረሻው ዙር የመጡት ደንበኛ

አንድ ቀን፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረው ረቡዕ ጠዋት፣ እንዝርት ቴክኖሎጂ የሚባል ድርጅት አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሳይቀጥር ቀረ። ይህ ብቻውን ወሬ አይሆንም። እንዝርት ሠራተኛ ሳይቀጥር የቀረባቸው ረቡዖች ብዙ ናቸው። ወሬ የሆነው በዚያ ረቡዕ ደንበኛም ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

የእንዝርት ቢሮ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። የሚሸጠው ነጋዴዎች የሱቃቸውን ዕቃ ገቢና ወጪ የሚከታተሉበትን ሲስተም ነው። ባለቤቱም ሥራ አስኪያጁም አቶ ዳምጠው ሸዋረጋ ናቸው። «የሽያጭና የደንበኞች አገልግሎት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚለው ማስታወቂያቸው ቴሌግራም ላይ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ደመወዝ በሚለው ቦታ «በስምምነት» ይላል። እስካሁን የተስማማ ሰው አልተገኘም።

ቅጥሩ ሦስት ዙር አለው። በመጀመሪያው ማመልከቻ ይጣራል። በሁለተኛው አመልካቹ ከአቶ ዳምጠው ጋር ይነጋገራል፤ ማለትም አቶ ዳምጠው ይናገራሉ፣ አመልካቹ ይሰማል። በመጨረሻው ዙር አመልካቹ እውነተኛ ነጋዴ ከገበያ ይዞ ይመጣና ሲስተሙን እዚያው በእሳቸው ፊት ይሸጥለታል።

«ሲሸጥ ሳላየው ሻጭ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ይላሉ አቶ ዳምጠው።

ነጋዴው ከወደደው ጎን ያለው ክፍል ገብቶ ውል ይፈርማል። አመልካቹ ወደ ሊፍቱ ይሸኛል። በዚህ መንገድ ድርጅቱ አንድም ሻጭ ሳይቀጥር ደንበኛ ሲያፈራ ቆይቷል።

አመልካቾቹን የምትሸኘው ትርሲት ናት። እንዝርት ስትገባ የቢሮ ረዳት ነበረች። አቶ ዳምጠው በየእንቁጣጣሹ ለሠራተኛ የሚጨምሩት ደመወዝ ሳይሆን ማዕረግ ነው። ትርሲትም መጀመሪያ «የሰው ኃይል ኦፊሰር» ሆነች፤ ቀጥሎ «ከፍተኛ የሰው ኃይል ኦፊሰር»፤ አሁን ደግሞ «የሰው ኃይል፣ የሥራ ባህልና የደንበኞች ደስታ ኃላፊ» ናት። ማዕረጉ ኢሜይሏ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር አልበቃ ብሎ ወደ ሁለተኛው ወርዷል። ደመወዟ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። አከራይዋ በሁዳዴ ኪራይ ስትጨምርባት ማዕረጓን አልጠየቀቻትም።

ያኔ ትርሲት አቶ ዳምጠው ቢሮ ገባች።

«አቶ ዳምጠው፣ በዚህ ደመወዝ መቀጠል አልቻልኩም። ቤት ልለቅ ነው።»

«ትርሲትዬ፣ እዚህ እኮ ቤተሰብ ነን። ከመርካቶ አንድ ትልቅ ደንበኛ ይግባልን፤ ያን ቀን ያንቺን ነገር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ትርሲት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመርካቶ የሚመጣውን ትልቅ ደንበኛ መጠበቅ ያዘች። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልመጣ ዕቃዋን ጭና ሱሉልታ እህቷ ዘንድ መግባቷ ነው።

ምንተስኖት ዘለቀ ለሁለተኛው ዙር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ቀደም ሲል በአንድ ድርጅት የጥሪ ማዕከል ስልክ ሲያነሳ የኖረ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራ የፈታ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። ከአቶ ዳምጠው ጋር ጨርሶ ሲወጣ ትርሲት እስከ ሊፍቱ ሸኘችው።

«ረቡዕ የመጨረሻው ዙር ነው። አንድ ነጋዴ ይዘው ይመጣሉ» አለችው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» ትርሲት ለሁሉም የምትለውን አለች። «ስለመጡ እናመሰግናለን። ሌሎች የምናያቸው ስላሉ፣ ወስነን እንደውላለን። ስልክዎን ክፍት ያድርጉ።»

ምንተስኖት ሊፍቱን ሳይጠራ ቆመ። «እህቴ፣ ካሁን በፊት የደወላችሁለት ሰው ምን አለ?»

«እንዴት ማለት?»

«ማለቴ፣ ደስ አለው? አለቀሰ? ወይስ ስልኩ ዝግ ነበር?»

ትርሲት መሳቅ አልነበረባትም። ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ግን ዘግይታ ነበር።

«ገባኝ» አለ ምንተስኖት።

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም!»

«ምንም አላልሽም» አላትና ሊፍቱ ውስጥ ገባ።

ትርሲት በቃ፣ ይሄ ልጅ አይመለስም ብላ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን ተመለሰ፤ ከጎኑም ሐጂ ሙዘይን ሱሩር ነበሩ።

ሐጂ ሙዘይን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ናቸው። ሱቆቻቸው ከተራው አንድ ጫፍ ተነሥተው ሌላው ጫፍ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። አቶ ዳምጠው እኚህን ሰው ለማግኘት ስንት ጊዜ ተመላልሰው ከዘበኛው አላለፉም። አሁን በገዛ እግራቸው መጥተው ወንበር ላይ ሲቀመጡ አቶ ዳምጠው ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። ትርሲትም በሩ ጋ ቆማ በልቧ ኪራዩን ከፈለች።

ምንተስኖት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲስተሙን ማሳየት ጀመረ። ሐጂ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ፤ ግን ስክሪኑን ከሚያዩት ይልቅ ልጁን የሚያዩት ይበልጣል።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ።

«ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔት ከሌለ ግን ሌላኛው ሱቅዎ ያለውን ዕቃ ማየት አይችሉም። እሱን አልዋሽዎትም።»

አቶ ዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጆች ቢሳሳቱስ? የፍሬን ሸራውን የክላች ሸራ ብለው ቢመዘግቡት?»

«ሲስተሙ አያውቅም። ያኔ ለሰው ነው የሚደውሉት።»

«ለማን?»

«ሥራውን ካገኘሁ ለእኔ።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሻአላህ። አይቻለሁ። ያየሁትን ወድጄዋለሁ።»

አቶ ዳምጠው ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋቸውም። «ሐጂ፣ ውሉ እዚህ ጎን ያለው ክፍል ተዘጋጅቷል! ትርሲት፣ ለሐጂ ሻይ ይምጣ! ምንተስኖት፣ ጎበዝ ነህ። እንደውልልሃለን።»

ሐጂ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ልጁ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቤቱ።»

«እኔ ከሰው ዕቃ ስወስድ ነገ ቢበላሽ የማንን በር እንደማንኳኳ አውቄ ነው። የማንን በር ላንኳኳ?»

«የድርጅቱን ነዋ ሐጂ!»

«ድርጅቱ ስሙ ማን ይባላል? ስልኩን የሚያነሣውን ሰው ማለቴ ነው።»

አቶ ዳምጠው ትርሲትን አዩ፣ ምንተስኖትን አዩ፣ ሐጂን አዩ። ከዚያ የእንዝርት ሰው በዓመት ውስጥ ያልሰማው ቃል ከአፋቸው ወጣ።

«እሺ፣ ተቀጥሯል! ምንተስኖት፣ ወደ ቤተሰባችን እንኳን ደህና መጣህ!»

«አመሰግናለሁ» አለ ምንተስኖት። ሥራው የምር ያስፈልገው ነበር። «ደመወዙስ?»

«በስምምነት ነው ተብሎ ተጽፏል እኮ።»

«እሺ፣ እንስማማ።»

«አሁን? በደንበኛ ፊት? አየህ፣ አሠራራችን እንዲህ ነው፤ ለጊዜው በኮሚሽን ብቻ ትሠራለህ። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ደመወዙን እናያለን።»

«ታዲያ የሐጂ ኮሚሽን የመጀመሪያዬ ነው?»

«ሐጂማ የፈተናው አካል ናቸው! ለፈተና ኮሚሽን ይከፈላል እንዴ?» አቶ ዳምጠው የልጁ ፊት ሲጠቁር አይተው ቶሎ ብለው አከሉ፤ «ማዕረጉን ግን ዛሬውኑ እሰጥሃለሁ። ‹ከፍተኛ የሽያጭ፣ የደንበኞች ስኬትና የስትራቴጂ ኃላፊ›። ምን ይመስልሃል?»

ትርሲት ወለሉን አየች።

ምንተስኖት ኮምፒውተሩን ዘጋ። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። ከዚያ ትርሲት ሊፍቱ ጋ የምትናገርበትን ያንኑ ለስላሳ ድምፅ አወጣ።

«አቶ ዳምጠው፣ ስለተቀበሉን እናመሰግናለን። ሌሎች የምናያቸው ሻጮች ስላሉ፣ ወስነን እንደውላለን። ስልክዎን ክፍት ያድርጉ።»

ሐጂ ሙዘይን ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ።

አቶ ዳምጠው ሲጨንቃቸው የሚያደርጉትን አደረጉ። «ትርሲት፣ ሸኚያቸው» አሉ።

ትርሲት ሊፍቱ ጋ ስትደርስ ከልማዷ አፏን ከፈተች፤ የምትለው ግን አልነበራትም።

«የምለውን አልክብኝ» አለችው ምንተስኖትን።

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አይበቃም። ያ ውል ቢፈረም የእኔም ደመወዝ ይጨመር ነበር።»

ምንተስኖት ደነገጠ። «ማን አለሽ?»

«እሳቸው።»

«በስምምነት?»

ትርሲት ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ዳግመኛ ሳቋ አመለጣት። ሐጂ ዞር አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የሰው ኃይል፣ የሥራ ባህልና የደንበኞች ደስታ ኃላፊ ነኝ።»

ሐጂ እስኪያልቅ ጠበቁ። «እሱስ እሺ። የምትሠሪውስ?»

«ማመልከቻ አጣራለሁ። የመጣውን ሰው አነጋግራለሁ። ደንበኛ ሲስተሙ ቆመብኝ ብሎ ሲጮኽ ስልክ አንሥቼ አረጋጋለሁ። እሸኛለሁ።»

«ስልክሽን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ሊፍቱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት አቶ ዳምጠው ስልካቸውን ክፍት አደረጉ። መጸዳጃ ቤት ሲገቡ ይዘውት ይገባሉ፤ ለቅሶ ቤት ድምፁን አያጠፉም። ሳይጠራ ሲውል ኔትወርኩን ሰደቡ፤ ሳይጠራ ሲሰነብት ሁለተኛ ሲም ካርድ ገዙ፤ ያን ቁጥር ማንም እንደማያውቀው የነገራቸው የለም። ትርሲት የደመወዟን ነገር ብታነሣባቸው «ሐጂ ይደውሉ አላልኩሽም?» አሏት፤ ማዕረጓ ላይም «የቁልፍ ደንበኞች ጥሪ ክትትል» የሚል ጨመሩላት። ኢሜይሏ ሦስተኛ መስመር ገባ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ትርሲት ካርቶን መሰብሰብ ጀመረች።

አንድ ከሰዓት ስልክ ጠራ። የጠራው የአቶ ዳምጠው ሳይሆን የትርሲት ስልክ ነው።

«ሙዘይን ነኝ። እደውላለሁ አላልኩም ነበር፤ ግን ደወልኩ። ነገ ሶማሌ ተራ ብቅ በይ።»

በማግስቱ ሄደች። ከትልቁ ሱቅ ጀርባ፣ የጎማና የዘይት ሽታ ባለበት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ምንተስኖትን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ከሐጂ ወንድሞች ልጆች አንዱን የፍሬን ሸራ ከክላች ሸራ እንዴት ለይቶ እንደሚመዘግብ ያሳየዋል። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ሲስተም የእንዝርት አልነበረም።

ሐጂ ደመወዙን የነገሯት ገና ሳትቀመጥ ነው። ትርሲት የሰማችውን እንዲደግሙላት ጠየቀች፤ ደገሙላት። ሥራው የሱቆቹን ሠራተኛ መቅጠርና የሚደውለውን ደንበኛ መቀበል ነው። ማዕረጉን ብትጠይቃቸው «እሱን አንቺ ያሻሽን በይው» አሏት።

ሻይዋን ስትጨርስ ግን ሲከነክናት የቆየውን አወጣችው። «ሐጂ፣ ያን ቀን የእኛን ሲስተም ትተው የሌላ የገዙት አቶ ዳምጠው ስላናደዱዎት ነው?»

«ያን ቀን?» ሐጂ ሳቁ። «ወላሂ፣ ሲስተምማ ከረመዳን በፊት ገዝቻለሁ። የጎደለኝ የሚይዘው ሰው ነበር። ይሄ ልጅ ሱቄ መጥቶ ‹ሐጂ፣ ለፈተና አብረውኝ ይምጡ› ሲለኝ፣ እስቲ ሲሠራ ልየው ብዬ ተነሣሁ።»

«እኔም የነገሩኝ ሊፍት ውስጥ ነው» አለ ምንተስኖት ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። «እስከዚያ ድረስ ሥራውንም ደንበኛውንም ያጣሁ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ ሐጂ። «እኔ ማስታወቂያ ባወጣ የሚመጣውን ሁሉ ማን ይፈትንልኛል? ዳምጠው በሦስት ዙር አበጥሮ፣ አበጥሮ፣ ጎበዙን ለይቶ ሊፍቱ ጋ ያቆምልኛል።»

የእንዝርት ማስታወቂያ ዛሬም ቴሌግራም ላይ አለ። ደመወዝ በስምምነት ነው። ባለፈው ወር በተደረገው የመጨረሻ ዙር አንዲት አመልካች ከሶማሌ ተራ አንድ ትልቅ ነጋዴ ይዛ ቀርባለች፤ አቶ ዳምጠውም ኮታቸውን ቆልፈው፣ ሻይ አስመጥተው ተቀብለዋቸዋል። ነጋዴው የሐጂ ሙዘይን ታናሽ ወንድም ናቸው።