የዋንዛው ወንበር ስንጥቅ

አንድ ሰው ነበር፤ ሀብታም፣ አዲስ ዕቃ ግን የማይገዛ።

ቸግሮት አይደለም። ፎቅ ቤት አለው፣ መኪና አለው። አዲስ ነገር ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል ባይ ነው። እሱ የሚወደው ሰው ሲኖርበት የከረመውን ነው። እጅ ያለሰለሰው ሳጥን፣ በእጅ የተጠለፈ የድሮ ቀሚስ፣ ጭስ የጠገበ ሙዳይ፣ የሟች ካባ። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን አስነስቶ በየትንንሹ ከተማ ይዞራል። ደላላው ቀድሞ ይሄድና «እገሊት ቤት የድሮ ዕቃ አለ፤ ተቸግራለች» ብሎ ይነግረዋል። ሰውየው ከዕቃው ይልቅ «ተቸግራለች» የምትለዋን ቃል ነበር አጥብቆ የሚሰማት።

ደግሞ ዕቃ ያውቃል፤ አይካድም። እንጨት ዳስሶ የምን ዛፍ እንደሆነ ይናገራል። ጥልፍ ገልብጦ የእጅ ይሁን የስፌት መኪና ይለያል። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራልሽም ነበር፤ አላዋቂ ቢያጣጥል ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

አገዛዙ እንዲህ ነው። የወደደውን ዕቃ ሲያይ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። ያገላብጠዋል። እንከን ይፈልግለታል፤ ካጣም ይፈጥርለታል። ሻጩ አንገቱን ሲደፋ ያን ጊዜ ዋጋ ይጠራል። አንቺም የጠየቅሽኝ ይህንኑ ነው። «የኔታ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ዕቃ ማጣጣል ኃጢአት ነው እንዴ? ሁሉም ሰው ያደርገው የለ!» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አላሳቀኝም። ቁጭ በይና ስሚኝ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ አናጢ ሞተ። ዘርጋው ይባል ነበር። የሌሎቹን ስም አልነግርሽም፤ የእሱ ግን መጠራት አለበት።

ዘርጋው ወንበር ይፈለፍላል። ምስማር አይመታም፣ ሙጫ አይነካም። የዋንዛ ግንድ ያመጣና መቀመጫውንም መደገፊያውንም እግሩንም ከዚያው ከአንዱ ግንድ በመሮ ያወጣዋል። ሲሠራ ሰው እንዲያየው አይወድም፤ ገበያው ዳር ያለችውን ክፍሉን ዘግቶ ነው። ሚስቱ እንኳ ወንበሩ ሲያልቅ እንጂ ሲጀመር አይታ አታውቅም። በዚያች ከተማ የተዳረ ሁሉ በዘርጋው ወንበር ላይ ተሞሽሯል ማለት ይቻላል። ሀብት አላፈራም። ያተረፈው «ዘርጋው አያታልልም» የሚል ስም ነው። ሲሞት ለሚስቱ የቀረላት ይኸው ስምና እልፍኙ ውስጥ የነበሩት ሁለት ወንበሮች ናቸው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሴትዮዋ ተዝካር ልታወጣለት አሰበች፤ እጅ አጠራት። ጎረቤቶቿ «ተዪ፣ የአቅምሽን ጸበል ጻዲቅ አድርጊና ይበቃዋል» አሏት። እሷ ግን እምቢ አለች። «ስንቱን ሰው ያስቀመጠ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ እሱ ሰው አስቀምጬ አበላለሁ» አለች። ወንበሮቹን ልትሸጥ ቆረጠች። ደላላው ሰማ።

ሀብታሙ ሰው መጣ። ወንበሮቹን ሲያይ ልቡ ቀጥ አለ። ስንት ዘመን አሮጌ ዕቃ ሲለቅም እንዲህ ያለ እጅ አልገጠመውም። ምን አደረገ መሰለሽ? ከንፈሩን መጠጠ።

አንዱን ወንበር ገለበጠው። ከመቀመጫው ሥር ቀጭን ስንጥቅ ነበረው። ይህን ልብ በይ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ እንጨት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የተሠራ ዕቃ እንደዚያ አይሰነጠቅም። ስንጥቁ ለዘርጋው የሚመሰክር ነው እንጂ የሚያሳጣው አይደለም። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«እናቴ፣ ይህን ማን ነው የሸጠልዎት?» አላት።

«ኧረ ማንም አልሸጠልኝም፤ ባሌ የሠራው ነው። ከአንድ ግንድ ነው ያወጣው።»

«እንዲያ ብሎዎት ነው? አይ! የባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ እኮ ነው። በሙጫ አጣብቆ ቀለም ቀብቶታል። ይህችን መስመር አዩዋት? መጋጠሚያዋ ናት።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየች። መስመሯ አለች። ስንት ዓመት ስትወለውለው የኖረችውን ወንበር ገልብጣ አይታው አታውቅም ነበር።

«እሱ እንዲህ አያደርግም» አለች፤ ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። ለምን በሩን ዘግቶ ይሠራ እንደነበር ያን ጊዜ የገባት መሰላት።

ሰውየው አንዱን ወንበር ለመናገር በሚያሳፍር ዋጋ ወሰደው። ሁለተኛውን ሆን ብሎ ተወው። «ይሄኛውስ ለማገዶ ካልሆነ ለምንም አይሆንዎትም» አላት። ልማዱ ነው። ጥንድ ዕቃ ሲያገኝ አንዱን ይገዛል፣ ሌላውን አጣጥሎት ይሄዳል፤ ሰንብቶ ሲመለስ ባለቤቱ ራሱ «ውሰድልኝ» ይለዋል። ሴትዮዋ እስከ ደጅ ሸኘችው። ዕቃዋን አርክሶ የወሰደባትን ሰው የምትመርቅ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? እሷ መረቀችው፤ «ያላወቅሁትን ስላሳወቁኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። መኪናው ውስጥ ሲገባ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር።

ተመልሶ የመጣው በተዝካሩ ቀን ነው፤ ቀኑን አላወቀም። ዳሱን አይቶ ሊመለስ ሲል ሴትዮዋ ደረሰችበትና እጁን ይዛ አስገባችው። ተዝካር ቤት እንግዳ ከየት መጣህ አይባልም። ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት። እንጀራው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። እየበላ ዐይኑ በእልፍኙ በር ይቃኛል። ሴትዮዋ ወጥ ልትጨምርለት ስትመጣ ጠጋ ብሎ «ያ ሁለተኛው ወንበርስ አለ?» አላት።

«ለማገዶ ነው ብለውኝ አልነበረም እንዴ ጌታዬ? ፈለጥሁት። ይህ የሚበሉት ወጥ የበሰለው በእሱ ነው» አለችው።

የጠቀለለውን ጉርሻ አየው። ቆይቶ ዋጠው። ሰው ስንቱን ይውጣል መሰለሽ!

በልተው ሲያበቁ፣ ቄሱ ሊያሳርጉ ከመነሣታቸው በፊት ሴትዮዋ ተነሣች። ነጠላዋን አደግድጋለች።

«ወገኖቼ» አለች፤ «ባሌ ለብዙዎቻችሁ ወንበር ሸጧል። ከአንድ ግንድ ነው ብሎ ነው የሸጠላችሁ። አይደለም፤ በሙጫ የተጣበቀ ነው። እኔም አላውቅም ነበር፤ ያሳዩኝ እኚህ ጌታ ናቸው። ባይነግሩኝ ኖሮ ነፍሱ በእናንተ ሐቅ ታስራ መቅረቷ ነበር። ስለ እግዚአብሔር፣ ስለበላችሁት እንጀራ፣ ይቅር በሉት። ፍቱት።»

ይቺ ሴት ባሏን ምን ያህል እንደወደደችው አየሽ? ሌላዋ ብትሆን ምሥጢሩን ይዛ ትኖራለች። እሷ ከስሙና ከነፍሱ ነፍሱን መረጠችለት። በሰው ፊት ባሏን አታላይ ብላ የጠራችው ልታድነው ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

አንድ ሽማግሌ ብቻ «የለም! እኔ ግንዱን ሲያስጎትት በዐይኔ አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞሩ። «ጌታው፣ እርስዎ እንጨት ያውቃሉ አሉ። እስቲ ይንገሩን፤ ይህ ነገር እውነት ነው?»

ሰውየው ማምለጫ አልነበረውም ብዬ ብነግርሽ ውሸቴን ነው። ነበረው። «ዋጋ ለማስቀነስ ብዬ ነው፤ ሰውየው ንጹሕ ነው» ቢል ሽማግሌዎቹ ይቆጡታል፣ ሴቶቹ ይረግሙታል፣ ቢበዛ ከዳሱ ያስወጡታል። መኪናው ደጅ ቆማለች፤ ከተማውን ዳግመኛ ላያየው ይችላል። ሴትዮዋ ግን ባሏን መልሳ ታገኝ ነበር። ሁሉም ዐይን ዐይኑን ያያል። እሷ ደግሞ እንደ ባለውለታዋ እያየችው ነው።

ወደ ገበታው አቀረቀረ። «እንግዲህ… ይመስላል» አለ።

ይመስላል! «ነው» ለማለት እንኳ ወንድነቱ አልነበረውም።

ሕዝቡም «እግዚአብሔር ይፍታው» አለ፤ ቄሱ አሳረጉ፤ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። ሁሉም ቤቱ እንደ ገባ ወንበሩን ገለበጠ። ሁሉም ስንጥቁን አገኘው፤ ዘርጋው ሁሉንም ከአንድ ግንድ ነበርና የሠራቸው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ ሚስቱ የመሰከረችበትን ሰው ማን ይከራከርለታል? አንዱ ወንበሩን ጓሮ ጣለው፣ ሌላው ዶሮ እንዲሰፍርበት አደረገው። ያ ግንዱን አይቻለሁ ያሉት ሽማግሌ እንኳ ቆይተው «ዐይኔ አርጅቶ ይሆናል» አሉ። በከተማው ውስጥ የማያስተማምን ነገር ሲገኝ «የዘርጋው ወንበር» ማለት ተለመደ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የእሱን ግን ካረፈ በዓመቱ ቀበሩት። ሚስቱ ደግሞ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ስትጸልይ «አታላዩን ባሪያህን ማርልኝ» እያለች ነበር። ያልበደለውን ሰው ምሕረት ስትለምንለት ሞተች።

ሀብታሙ ሰውስ? ምንም አልሆነም። መብረቅ አልወረደበትም፣ ቤቱ አልተቃጠለም። እንዲያ ብዬ ብጨርስልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ አልሆነም። ወንበሩን ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣለት ይገለብጥና ስንጥቁን በጣቱ ያሳያል። «ይህን አያችሁ? ከአንድ ግንድ ለመውጣቱ ምስክሩ ይህ ነው። ዋንዛ ነው። እንዲህ የሚሠራ እጅ ዛሬ የለም» ይላል። ሁሉም እውነት ነው። «ማን ነው የሠራው?» ብለው ሲጠይቁት ግን «አንድ የባላገር አናጢ ነው፤ ስሙን እንጃ» ይላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ጭንሽ ላይ ያስቀመጥሻትን ቀሚስ አያታለሁ። ታምራለች። ከአንዲት ሴት ደጃፍ ገዛኋት አልሽኝ። ሴትዮዋ «ሟች እናቴ በእጇ የጠለፈችው ነው» ስትልሽ «ኧረ የመኪና ጥልፍ ነው፤ አታለውሽ ነው» እንዳልሻት፣ ከዚያ በኋላ ዋጋው እንደ ወረደልሽ፣ እየሳቅሽ ያወራሽልኝ አንቺው ነሽ። የእጅ ጥልፍ መሆኑን ታውቂ ነበር። ባታውቂማ አትገዢያትም።

ያ ሰው አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ ጠይቀሽኝ ነው።

ርካሽ መፈለግ ነውር አይደለም። ቤት ልታቆሚ ነው፤ ደሞዝሽንም አውቀዋለሁ። ልባሽ ተራ ገብተሽ ከቦንዳ ነጋዴው ጋር እንደልብሽ ተከራከሪ፤ እሱ ያልሽውን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል፤ እንዲያውም ዞር ስትዪ ይስቅብሻል። ቸግሯት የእናቷን ልብስ የምታወጣ ሴት ግን ነጋዴ አይደለችም። እሷ የተናገርሽውን ታምናለች። አንቺ ገበያ ላይ የተባለ ነገር እዚያው የሚቀር መስሎሻል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገንዘብሽን ስትቀበል ቃልሽንም ይዛ ቤቷ ገብታለች። ገንዘቡ እስካሁን አልቆ ይሆናል። «ያለኝ ይህ ብቻ ነው» ብትያት ምን ነበረበት? ወይ ትሸጥልሻለች፣ ወይ አትሸጥልሽም። የራስሽን አቅም አሳንሺ እንጂ የሞተ ሰው እጅ ምን አድርጎሻል?

እና ተነሺ። ቤቷን ታውቂዋለሽ። ቀሚሷን መልሺ አላልሁሽም፤ የእናቷ እጅ መሆኑን ግን ንገሪያት።

«ትሰድበኛለች» ነው ያልሽው? ትስደብሽ እንጂ! ጮኻ ጎረቤት ከሰበሰበችብሽ፣ በር ከዘጋችብሽ፣ እግዚአብሔርን አመስግኚ፤ እናቷን ገና አልጠረጠረቻትም ማለት ነው። እኔ የምፈራልሽ ዝም ብላ ሰምታሽ «ተዪው ልጄ፣ እኔም በኋላ ሳስበው የመኪና ነው የመሰለኝ» ያለችሽ እንደሆነ ነው።