ኪሱ አልገባም ያለው መሮ

ስሙኝማ! ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ስለት የያዛችሁ ግን መጀመሪያ አስቀምጡ።

ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ጡረተኛ አናጢ ነበሩ። ከጓሮ ባለችው የሥራ ክፍላቸው መሮው፣ ሰንጢው፣ ምላጩ መሬት ለመሬት ተበትኖ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ሰናይት ደወለች። «አባዬ፣ ሚጡ መዳህ ጀምራለች። ከሰዓት ይዣት እመጣለሁ። አንድ ስለት መሬት ላይ ካየሁ ግን ከደጅ እመለሳለሁ፣ ነግሬሃለሁ!»

ጋሽ ወንድይፍራው የልጅ ልጃቸውን ካቀፉ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ናፍቆቱ አንጀታቸውን በልቶታል። ቶሎ ብለው ባለ ብዙ ኪሱን የቆዳ ጥቅል ዘረጉና ስለቱን ሁሉ በየኪሱ ከተቱ። ሁሉም ገባ። ትንሹ መሮ ብቻ ቀረ።

«መሮ፣ ኪስህ ግባ።»

«አልገባም!»

«ምን ቆርጦህ!» አሉና ወደ ሞረድ ሄዱ። «ሞረድ ሆይ፣ መሮን ፋቅልኝ። መሮ ኪሱ አልገባም አለ፣ ሚጡ እየመጣች ነው።»

«አልፍቅም፤ እኔን ምን አደረገኝ?» አለ ሞረድ።

ወደ ዝገት ሄዱ፤ አሮጌ ማጠፊያ ላይ ተኝቶ አገኙት። «ዝገት ሆይ፣ ሞረድን ብላልኝ። ሞረድ መሮን አልፍቅም አለ፣ መሮ ኪሱ አልገባም አለ፣ ሚጡ እየመጣች ነው።»

«አልበላም፤ ጠግቤያለሁ» አለ ዝገት።

ወደ ዘይት ሄዱ። «ዘይት ሆይ፣ ዝገትን አጥፋልኝ። ዝገት ሞረድን አልበላም አለ፣ ሞረድ መሮን አልፍቅም አለ፣ መሮ ኪሱ አልገባም አለ፣ ሚጡ እየመጣች ነው።»

«አላጠፋም፤ ከጣሳዬ ንቅንቅ አልልም» አለ ዘይት።

ወደ ሰጋቱራ ሄዱ። «ሰጋቱራ ሆይ፣ ዘይትን ጠጣልኝ። ዘይት ዝገትን አላጠፋም አለ፣ ዝገት ሞረድን አልበላም አለ፣ ሞረድ መሮን አልፍቅም አለ፣ መሮ ኪሱ አልገባም አለ፣ ሚጡ እየመጣች ነው።»

«አልጠጣም፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጾመኛ ነኝ» አለ ሰጋቱራ።

«ኧረ ዘይት የጾም ነው!»

«ቢሆንም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ላብ በላብ ሆነው ወደ ባለቤታቸው ሄዱ። ወይዘሮ ትርንጎ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። «ትርንጌ፣ ሰጋቱራን ጥረጊልኝ። ሰጋቱራ ዘይትን አልጠጣም አለ፣ ዘይት ዝገትን አላጠፋም አለ፣ ዝገት ሞረድን አልበላም አለ፣ ሞረድ መሮን አልፍቅም አለ፣ መሮ ኪሱ አልገባም አለ፣ ሚጡ እየመጣች ነው!»

«አልጠርግም!»

«አንቺም? እነሱስ ግዑዝ ናቸው፣ አንቺ ምን ሆንሽ?»

«የሚጡን ቀሚስ እየሰፋሁ ክር በጥርሴ የምበጥሰው ወድጄ መሰለህ? መቀሴን ላንድ አፍታ ብለህ ወሰድክ። መስቀል አለፈ፣ ገናም አለፈ! መቀሴ ሳይመጣ መጥረጊያ አልነካም።»

ጋሽ ወንድይፍራው አፈሩ። እውነት ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት ቆርጠውባታል። በልብስ መቀስ የብርጭቆ ወረቀት! ጉድ እኮ ነው። ወደ ሥራ ክፍላቸው ተመልሰው መደርደሪያውን አገላበጡ፣ ጣሳውን ሁሉ ደፉ፤ የለችም። በመጨረሻ ከቆዳው ጥቅል ጠርዝ ላይ ያለውን የኪስ ክዳን ገለጥ ቢያደርጉ፣ መቀሷ ተደላድላ ተኝታለች! በሸሚዛቸው ወልውለው ሮጠው ወሰዱላቸው። «አጥፍቻለሁ ትርንጌ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሳቁና መጥረጊያ አነሱ። ይህን ያየ ሰጋቱራ «ኧረ እጠጣለሁ!» ብሎ ወደ ዘይት ሮጠ፤ ዘይት «አጠፋለሁ!» ብሎ ወደ ዝገት፣ ዝገት «እበላለሁ!» ብሎ ወደ ሞረድ፣ ሞረድ «እፍቃለሁ!» ብሎ ወደ መሮ ሮጠ። መሮ የታለ? ኪሱ ውስጥ ተጋድሟል።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልገባም አልክ?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ቤቴ ውስጥ የሰው መቀስ ተኝታ የት ልግባ? ግባ አሉኝ እንጂ ለምን እንደማልገባ መች ጠየቁኝ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ጥቅሉን ጠቅልለው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሰናይት ገብታ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አየችና ሚጡን አወረደቻት። ሚጡም እየዳኸች፣ ቀጥ ብላ፣ አያቷ እግር ሥር ደረሰች። ጋሽ ወንድይፍራው አንስተው እቅፍ አደረጓት፤ ደስ ብሏቸው እንባቸው መጣ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ መቀስ የተዋሳችሁም መልሱ።