የትርንጎ ዳምፐርና የኢፍቱ ጃንጥላ

ሽብሩ ትርንጎን በደላት። መካኒክ ነኝ ብሎ፣ ጎማው የተሰነጣጠቀውን የድሮ ዳምፐር ከመኪናዋ ፈትቶ፣ የማይሆን ሌላ አሰረባት። «ምነው ሽብሩ፣ መኪናዬ ተንቀጠቀጠችብኝ» ብትለው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጋራዥ ውስጥ እጁን እየጠረገ፣ «ማዘር፣ ገባ አይደል? የገባ ነገር ልክ ነው። የምትንቀጠቀጠው አርጅታ ነው፤ ሴት ልጅ ስታረጅ አመሏ ነው» አላት። ጋራዡ በሳቅ አወካ። ትርንጎ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ገና የሃያ ዓመት ነው። ያን ቀን ያ ምላስ ከዳት። መኪናዋን አስነስታ ወጣች።

ዳምፐር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ከሞተሩ ፊት፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታሰር ክብ ብረት ነው። ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ በመሀላቸው ጎማ ተኝቷል። ሞተር ሲሠራ ይንዘፈዘፋል፤ ዳምፐሩ ያንን መንዘፍዘፍ ይውጣል። ክብደቱ ሌላ ከሆነ ግን መዋጡን ትቶ እሱ ራሱ ጭፈራ ይጀምራል። ያቺ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ክሬም ቀለም፣ የድሬዳዋን ሰው ግማሹን በዕድሜ የምትበልጥ መኪናም እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈች፤ ቺንጊያዋን፣ ያንን የሞተር ቀበቶ፣ ወረወረች፤ ከከዚራ ሰፈር ሳትወጣ ቆመች።

ምን አስቸኮላት ትሉኝ ይሆናል። እሁድ ሠርግ አለ! የትርንጎ የልብ ጓደኛ አሰገደች በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ልታገባ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሙሽራ ስታጅብ ኖራ፣ ለራሷ ቀን የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በትርንጎ መኪና መሄድ።

«አሴ፣ የወንድሜ ልጅ አዲስ መኪና አለው፤ ማቀዝቀዣ ያለው።»

«በሌላ አልሄድም። እሷ ከሌለች ቬሎዬን ሰብስቤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«በዚህ ፀሐይ!»

የምትለውን እንደምታደርግ ትርንጎ ታውቃለች። እንግዲህ መኪናዋ አልረጋ አለች፤ አሰገደችም በሌላ አልሄድ አለች።

ሐሙስ ማለዳ ትርንጎ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ መጋላ ገበያ ወረደች፤ መለዋወጫ ከሚሸጡት ከሐጂ ዩያ ዘንድ። ሐጂ ሦስት ዳምፐር ባንኮኒው ላይ ደረደሩላት። አንዱ አዲስ ነው፣ ፊት ያሳያል። አንዱ የቺንጊያ ቦዩ ሰፋ ይላል። አንዱ አቧራ ጠግቦ ከአይጥ ጋር የኖረ ይመስላል።

«የትኛው ነው የእኔ፣ ሐጂ?»

«ሦስቱም ይገባሉ። አንዱ ብቻ ይሆናል።»

«እኮ የትኛው?»

«እኔ ጠንቋይ ነኝ? ናሙና አምጪ! ያ ልጅ ያሰረብሽን አይደለም፤ አብሯት የተወለደውን። ናሙና ሳላይ አልመርጥም፤ ነገ መጥተሽ ሱቄ ደጃፍ ላይ ልትጮሂ!»

ሐጂ አልመርጥ አሉ፤ መኪናዋ አልረጋ አለች፤ አሰገደች በሌላ አልሄድ አለች።

ትርንጎ ወደ ጋራዡ በረረች። ሽብሩ ከመኪና ሥር እግሩን ብቻ አውጥቶ፣ «የድሮው? ጣልኩት» አለ። የት? «እኔ እንጃ፣ ከአጥሩ ውጪ።» ከአጥሩ ውጪ ብትዞር፣ ያ የሞተሯ ቁራጭ ቁጭ ብሏል! መሀል ቀዳዳው ላይ ዘንግ ተተክሎበታል፤ ከዘንጉ በላይ ቀይ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ከጃንጥላው ሥር ጫት ሻጯ ኢፍቱ ጫቷን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ተደላድላለች።

«ኢፍቱዬ፣ ጃንጥላሽ የቆመበት ብረት የእኔ ነው።»

«ወይ አቦ! የተጣለ ነው ያገኘሁት። ውሰጂ እልሽ ነበር፤ ግን ብረቱ ከሄደ ጃንጥላው ይወድቃል። ጃንጥላው ከወደቀ ጫቴ ይጠወልጋል። የጠወለገ ጫት አንቺ ትገዢኛለሽ?»

«እኔ አልቅምም።»

«አየሽ! መሀሉ ቀዳዳ ያለው፣ ከበድ ያለ ብረት አምጪልኝና ይሄን ስመሽ ውሰጂው።»

ትርንጎ ብረቱን ይዛ ብትስብ ጃንጥላው ተወዛወዘ፣ ኢፍቱም ጮኸች። ጃንጥላው አልለቅ አለ፤ ሐጂ አልመርጥ አሉ፤ መኪናዋ አልረጋ አለች፤ አሰገደች በሌላ አልሄድ አለች።

ጃንጥላ አፍ አለው እንዴ የሚለኝ አይጠፋም። የለውም። ግን በር ሲጠብቅብን «አልከፈት አለ» እንላለን፤ ክብሪት ሲረጥብብን «አልጫር አለ» እንላለን። ያን ቀን ድሬዳዋ ውስጥ እምቢ የማይል ዕቃ ጠፍቶ ነበር።

መንገዱን ተሻግሮ ጎሚስታው በድሪ አለ። በድሪ ያንኑ የሚፈለገውን ነገር ይዟል፤ የተጣመመ የጭነት መኪና ቸርኬ፣ ከባድ፣ መሀሉ ቀዳዳ። የያዘው ግን በእጁ አይደለም። ተቀምጦበታል።

«በድሪ፣ ተነስ፤ ይህን ቸርኬ ስጠኝ።»

«ተነስቼ ምን ላይ ልቀመጥ?»

«መሬት ላይ።»

«ሐኪሙ ዲስክ አለብህ ብሎኛል! ወንበሬ ይኸው እግሩ ተሰብሮ አራት ወር። አስበይጂልኝ፤ ቸርኬው ያንቺ። ያለዚያ ጎትተሽም አታስነሺኝ።»

ጎትታ ሞከረችው፤ ሰማንያ ኪሎ ነው። ወንበሩ አልቆም አለ፤ በድሪ አልነሳ አለ፤ ጃንጥላው አልለቅ አለ፤ ሐጂ አልመርጥ አሉ፤ መኪናዋ አልረጋ አለች፤ አሰገደች በሌላ አልሄድ አለች።

ትርንጎ የብረቱን ወንበር አናቷ ላይ ጭና ወደ በያጁ ወደ ጋሽ ደምሰው ሄደች። በመንገድ ያያት ሁሉ፣ «ትርንጎ፣ ቤት እየለቀቅሽ ነው?» ይላታል። «አዎ፣ አንተ ቤት ልገባ ነው፤ ሚስትህን ንገራት!» ትላለች። ምላሷ ተመልሷል ማለት ነው፤ ያችን ለሽብሩ የምትሰጠውን መልስ ግን እስካሁን አላገኘቻትም።

ጋሽ ደምሰው ሥራ ፈትቶ፣ ደረቱን በእጁ አቅፎ ተቀምጧል።

«ጋሽ ደምሰው፣ ይህችን እግር ጠብ አድርግልኝ። ወንበሩ አልቆም ብሎ፣ በድሪ አልነሳ ብሎ፣ ጃንጥላው አልለቅ ብሎ፣ ሐጂ አልመርጥ ብለው፣ መኪናዬ አልረጋ ብላ፣ አሰገደች በሌላ አልሄድ ብላ…»

አሰገደች የሚለውን ስም ሲሰማ የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደው። ከውስጥ ሆኖ፣ «ለአሰገደች ከሆነ አልበይድም» አለ። «ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ነኝ። የግቢ በሯን የበየድኩት እኔ ነኝ። ድፍን የሳቢያን ሰፈር ለሠርጓ ተጠርቶ እኔ ቀረሁ።»

«ረስታህ ይሆናል።»

«በየቀኑ የእኔን በር እየከፈተች እየዘጋች ትረሳኛለች? በራሷ አፍ ትጥራኝ። እስከዚያ ይህች እሳት አትለኮስም።»

ደምሰው አልበይድ አለ፤ ወንበሩ አልቆም አለ፤ በድሪ አልነሳ አለ፤ ጃንጥላው አልለቅ አለ፤ ሐጂ አልመርጥ አሉ፤ መኪናዋ አልረጋ አለች፤ አሰገደች በሌላ አልሄድ አለች። ፀሐይዋም አናት ላይ ወጥታ፣ አልመለስ አለች።

ትርንጎ ወንበሩን እንደተሸከመች ሙሽራዋ ቤት ስትደርስ፣ አሰገደች ሁለት እጆቿን ሂና ተቀብታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ምነው፣ ወንበር ትነግጂ ጀመር?»

«ጋሽ ደምሰውን ጥሪው።»

«አልጠራም!» ፊቷ ተለዋወጠ። «የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹አሰገደች ቆማ ቀረች› ብሎ፣ ሙሉ ጠረጴዛ አሳቀብኝ። አልቅሼ ነው ያደርኩት። ለራሴ ሠርግ አልጠራውም።»

ሰው ተሰብስቦ ሲስቅባችሁ ምን እንደሚመስል ትርንጎም ታውቃለች፤ ገና ሳምንቱ ነው። ወንበሩን ከአናቷ አወረደች። ሦስት እግር ስለሆነ ግድግዳ አስደገፈችው። ከዚያ አንድ በአንድ ጣቷን እያጠፈች ጀመረች።

«አንቺ አልጠራ አልሽ። ደምሰው አልበይድ አለ። ወንበሩ አልቆም አለ። በድሪ አልነሳ አለ። ጃንጥላው አልለቅ አለ። ሐጂ አልመርጥ አሉ። መኪናዋ አልረጋ አለች። ሙሽራዋ በሌላ አልሄድ አለች። ሙሽራዋ ማናት?»

«እኔ።»

«ጠሪዋስ?»

«እ… እኔ።»

«መኪናዋን አምጪ የምትይኝ አንቺ፣ ይዘሽ የምታስቀሪያትም አንቺ! ቆይ፣ እኔ ለማን ነው ወንበር ተሸክሜ የምዞረው?»

አሰገደች ትርንጎን አየቻት። ላብ ያጠመቀውን ሻሿን፣ ባለ ሦስት እግሩን ወንበር አየች። ከዚያ አንድ ሳቅ አመለጣት፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሂናው ቀሚሷን እስኪነካ ሳቀች።

«ደውዪና ጆሮዬ ላይ ያዢልኝ፤ እጄ ሂና ነው።»

ስልኩ ተነሳ። «ጋሽ ደምሰው፣ ቆማ ቀረች ያልከኝ አሰገደች ነኝ። እሁድ ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ፤ መጥተህ እይ። ከፊት ወንበር ይዤልሃለሁ።»

ከወዲያ በኩል ጋሽ ደምሰው፣ «እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት?… ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ያቺን ወንበር በቶሎ ላኪያት» አለ።

እንግዲያማ ምን ቀረ! አሰገደች ጠራች፤ ደምሰው በየደ፤ ወንበሩ ቆመ፤ በድሪ ተነሳ፤ ቸርኬው መንገዱን እየተንከባለለ ተሻገረ፤ ጃንጥላው ለቀቀ፤ ኢፍቱ እልል አለች። ትርንጎ ዳምፐሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ሐጂ ዘንድ ገባች።

ሐጂ ናሙናውን ሚዛን ላይ አኖሩት፤ በወዲያኛው ሳህን አዲሱን። አዲሱ ሽቅብ ብድግ አለ። «ቀለም ብቻ!» አሉ ሐጂ። ባለ ሰፊ ቦዩ ተመዛዘነ፤ ሐጂ የመኪናዋን ዓይነት ቺንጊያ ቢጠመጥሙበት ግን ቦዩ ውስጥ ዋለለ። በመጨረሻ ያን አቧራ የጠገበውን አኖሩት፤ ሚዛኑ ትንሽ ዋዠቀና ረጋ። ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ፈለጉ፤ መካኒክ የሞተሩን እሳት የሚያስተካክልባትን። ከናሙናው ጭረት ጋር በአንድ ቦታ ላይ ነች።

«ይኸውልሽ» አሉ። «ይሄ ይሆናል።»

ጋሽ ደምሰው ዳምፐሩን አስገባ፤ በድሪ በታደሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልፍ አቀበለ፤ ብሎኑን ትርንጎ ራሷ አጠበቀችው።

እሁድ አሰገደች በነጭ ቬሎ ከኋላ ወንበር ላይ ገባች። ትርንጎ ሞተሩን አስነሳች፤ አሰገደችም መስታወቷን አውጥታ ከንፈሯን ትቀባ ጀመር። ሞተሩ ይሠራል፤ የከንፈር ቀለሙ ግን አንዲት ፀጉር ታህል እንኳ ከመስመሩ አልወጣም። ጋሽ ደምሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ትርንጎ በጋራዡ ደጃፍ ስታልፍ ሆን ብላ ቆም አለች፤ ጋራዡ በሙሉ ለማየት ወጥቷል፤ ያኔ የሳቀው ሁሉ።

ሽብሩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «ይሁን፣ አማረባት። ግን ማዘር፣ እውነቱን እንነጋገር፤ ያኛውም እኮ ገብቶ ነበር።»

ትርንጎ ማርሽ አስገባች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ጋራዡ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፦

«መግባቱንማ፣ ሽብሩ፣ አንተም ጋራዥ ገብተሃል!»