ልብስ ሰፊውና እምቢ ያለው ሞተር

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አዘዘው ይባላል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ዳር፣ በአንድ የስፌት መኪና ኑሮውን የሚገፋ፣ ከክርና ከመርፌ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የሌለው ሰው ነው። የምነግራችሁ ግን ስለ ልብስ አይደለም። ይህ ሰው የቆመ ሞተር ሳይክል አስነሣለሁ ብሎ እንዴት ግራ እንደተጋባ ነው።

ሞተሩ የአባቱ የአቶ ገሠሠ ነበር። አቶ ገሠሠ ድሮ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆነው ገጠር ለገጠር የዞሩት በእሱ ነው። ሚስታቸውን ወይዘሮ ይታክቱን ከኋላ አፈናጠው፣ መኪና የማያሳልፈውን ጠባብ ድልድይ ተሻግረው፣ ወደ ትውልድ መንደራቸው የሚወስዷቸውም በእሱ ነበር። ያኔም ቢሆን ያረጀ ነበር። ስሙ የተጻፈበት ቀለም ከተላጠ ብዙ ዘመን ስለሆነው የየት አገር ሥሪት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ወይዘሮ ይታክቱ ሲያርፉ፣ በአደራቸው መሠረት፣ እዚያው ከወንዝ ማዶ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። አቶ ገሠሠ ከቀብር በሞተሩ ተመለሱ፤ ዶሮ ቤት አስገብተው አቆሙት። ከዚያ ወዲያ አልነኩትም። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ከግቢ አልወጡም።

ሰባት ዓመት አለፈ። ሰውየው ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ሰላም ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሐኪም አይቷቸው ደህና ናቸው ብሏል። ደህና ናቸው፤ ግን የሉም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ በሩን ሲመለከቱ ይውላሉ፤ በበሩ የሚገባውን ሰው ግን አያዩትም።

የወይዘሮ ይታክቱ የሰባት ዓመት ተዝካር ሲቃረብ አዘዘው አባቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ ዘንድሮ እንኳ መቃብራቸው ድረስ ይሂዱ እንጂ። ከዚህ በኋላ ሌላ ተዝካር የለም።»

«በምን ልሂድ? ጉልበቴ እንደሁ ከድቶኛል።»

«በቅሎ እንለምናለን።»

«በቅሎ አልለመድኩም።»

«በቃሬዛ ይወስዱዎታል።»

«ሬሳ ነኝ እንዴ?» አሉና ዓይናቸውን ወደ ዶሮ ቤቱ መለሱ። «እናትህን በዚያ ነበር የምወስዳት።»

አዘዘው ነገሩ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። ሞተሩ ከተነሣ አባቱም ይነሣሉ። ሞተሩ ካልተነሣ ግን እሳቸውም ዕድሜያቸው ሄዷል፣ የሚስታቸውን መቃብር አንድ ቀን እንኳ ደርሰው ሳያዩ ይሞታሉ።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ሞተሩን ጎትቶ አወጣው። ዶሮዎቹ ቤታቸው የተወረሰ ያህል ተንጫጩ። አንዷማ ኮርቻው ላይ እንቁላል ጥላ ኖሮ ሌላ ቦታ እስኪያኖርላት ድረስ አልለቀቀችውም። ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል፤ የቤንዚን ታንኩን ሲደፋው ቀይ ውሃ ወረደ። አዘዘው ዙሪያውን ዞረ። ደግሞ ዞረ። ከየት እንደሚጀመር አላወቀም።

ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የሚያውቀውን ያደርጋል። አዘዘውም የስፌት መኪናውን ዘይት አመጣና ቀዳዳ ባየበት ሁሉ ጠብ ጠብ አደረገ። የስፌት መኪና እንዲህ ሲያደርጉለት ደስ ብሎት ይሽከረከራል። ሞተሩ ግን ጭራሽ ዘጋው። በኋላ እንደተነገረው፣ ተነካክተው እሳት የሚፈጥሩትን ሁለቱን ጫፎች ሳይቀር በዘይት አጥምቋቸው ነበር። ደረቅ ሆነው መኖር ያለባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

የማስነሻው ርግጫ ድምፅ ከግቢ ውጭ ሲሰማ መካሪ መሰብሰብ ጀመረ። በእኛ አገር ታሞ ብቻውን የሚተኛ፣ ተበላሽቶ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል፤ መካሪ የበዛበት ሞተር ስንት ዓመት እንደሚቆም ግን የነገረን የለም።

መጀመሪያ ባጃጅ ነጂው መጣና ጎንበስ ብሎ አየው።

«ካንዴላው ነው። ቀይረው፣ ይነሣል።»

አዘዘው በዘይት የተነከረውን ጠርጎ አደረቀ፤ እሳት የሚያመነጨውን ካንዴላም ቀየረ። እሳቱ በዓይኑ እያየው ብልጭ አለ። ሞተሩ ግን አልተነሣም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እጁን አራግፎ መጣ።

«እሳትማ አለው። ቤንዚኑ ነው ያልደረሰው። ካርቡራተሩን ፈተህ እጠበው።»

ፈታው፤ አጠበው። ሲገጥመው አንዲት ትንሽ ብሎን ተረፈችው። የተረፈ የሸሚዝ ቁልፍ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ይህችንም ከኪሱ ከተታት። በማግስቱ ባጃጅ ነጂው ተመልሶ «ማነው ይህን የነካካው?» ብሎ ተቆጣና ብሎኗን ከኪሱ አስወጥቶ ቦታዋ መለሳት። ቤንዚኑም ወረደ። ሞተሩ አሁንም አልተነሣም። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡና ሁለቱንም መካሪዎች ገላመጧቸው።

«ሞተር ማለት አየር ነው። ማጣሪያውን አራግፍ።»

አራገፈ። የሰባት ዓመት የዶሮ ላባ ወጣ። አዘዘው «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ፤ ረገጠ። ሞተሩ አንድ ጊዜ «ኡህ» ብሎ አሳለና ጸጥ አለ።

እንግዲህ እሳት አለ፤ ቤንዚን አለ፤ አየር አለ። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ከመነዳሪም ገብቶለታል። አዘዘው በጣቱ እየቆጠረ አንድ በአንድ አሰበው። የጎደለ የለም። በተረገጠ ቁጥር ያው ሳል፣ ያው ዝምታ። ልቡ ዞረበት። አንድ ነገር ቢጎድል ኖሮ የጎደለውን ፈልጎ ይሞላ ነበር፤ ሁሉ ሞልቶለት እምቢ ያለን ነገር ምን ያደርጉታል? ሱሪ ቢሆን ይተረትረውና እንደ አዲስ ይሰፋው ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አባቱን ሊጠይቅ ሄደ።

«አባባ፣ ዘይቱ ምን ያህል ነው የሚገባበት?»

አቶ ገሠሠ በእጃቸው ለክተው አሳዩት።

«ቤንዚኑስ?»

ነገሩት።

«ሌላ የሚጨመርለት ነገር አለ?»

«የለም» አሉና ወደ በሩ ማየታቸውን ቀጠሉ።

የአባቱም ነገር እንደዚያው ነበር። ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች «ወጡ አልጣማቸው ይሆናል» እያሉ ጥሩ ጥሩውን ይልካሉ። የነፍስ አባታቸው ጸበል ያመጣሉ። አዘዘው ራሱ ራዲዮ ገዝቶላቸዋል፣ ካፖርት ሰፍቶላቸዋል። ሁሉንም ይቀበላሉ፤ ያመሰግናሉ፤ የሚለወጥ ነገር የለም። አዘዘው ሲብስበት ሞተሩ የቱ፣ አባቱ የትኛው እንደሆኑ ይምታታበት ጀመር። አንድ ቀን ሞተሩን «አባባ፣ እባክዎ» ሲለው እትዬ አሰገደች ሰምተው አማተቡ።

የተዝካሩ ዋዜማ ደረሰ። አዘዘው ከጠዋት ጀምሮ ረግጦ ረግጦ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ተስፋ ቆረጠና ነገ ያለ አባቱ ሊሄድ ወሰነ። ሞተሩንም ወደ ዶሮዎቹ ከመመለሱ በፊት «ታጥቦ ይግባ» ብሎ ባልዲ አመጣ። ፊቱን አጠበ፤ ኮርቻውን አጠበ። ወደ ኋላ ዞሮ በጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ውሃ ለቀቀበት።

ውሃው ተመልሶ እግሩ ላይ ፈሰሰ።

ደግሞ ለቀቀበት። ደግሞ ተመለሰ። አዘዘው ባልዲውን አስቀምጦ ተንበረከከ። ሽቦ አጥፎ ወደ ቱቦው ከተተ፤ አንድ ለስላሳ ነገር ያዘለት። ሲስበው መጣ፤ ሲስበው መጣ። ጥላሸትና ዝገት የጠጣ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ደግሞ የእሱ ሙያ ነውና ዘርግቶ ጠርዙን አየ። ስፌቱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ወዲያው አወቀው። ገና ስፌት ሲማር የሰፋው የመጀመሪያ ሥራው፣ የእናቱ ሻሽ ነበር። ሰው ጠርዙ ጠመመ ሲላቸው «ልጄ የሰፋው ነው» እያሉ ሞተሩ ላይ ሲወጡ ከእሱ ሌላ አያስሩም ነበር።

ቀና ሲል አባቱ ከበረንዳው ወርደው አጠገቡ ቆመዋል።

«አባባ፣ ይህን ማን ነው የወተፈው?»

አቶ ገሠሠ ሻሹን ከእጁ ወሰዱት። ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት።

«እኔ ነኝ። ከቀብር የተመለስን ዕለት አይጥ እንዳይገባበት ብዬ ነው። ኮርቻው ላይ አስራው የሄደችው ነበር፤ እጄ ላይ የመጣልኝ እሱ ሆነ።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ? ስንት ጊዜ ጠየቅሁዎት!»

«ረስቼው ነበር፤ የዚያን ቀን ምኑን አስታውሳለሁ? ደግሞስ ልጄ፣ አንተ ስትጠይቀኝ የከረምከው የሚገባውን ነው። የሚወጣውን ማን ጠየቀኝ?»

ይህን ብለው ሻሹን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ የቆየው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ድምፁ ግቢውን ሞላው።

አዘዘው ደነገጠ። «በቃ አባባ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን ከምላሱ ጫፍ ተመለሰ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ብሎታል። በቀብሩ ዕለት አባቱ ገና ማልቀስ ሲጀምሩ ለቀስተኛው እንደ ወጉ ከቧቸው «በቃ፣ በቃ፤ ፈጣሪን ማስቀየም ይሆናል። እርስዎ እንዲህ ከሆኑ ልጅዎ ምን ሊሆን ነው?» አላቸው። አዘዘውም ክንዳቸውን ይዞ «በቃ አባባ፣ ሰው ያያል» ብሎ ነበር። እሳቸውም ዝም አሉ። ሰው ሁሉ ጀግና ናቸው፣ ሆዳቸው ሰፊ ነው ብሎ አመሰገናቸው። ማንም በክፋት አላደረገውም። ሻሹም የተወተፈው በክፋት አልነበረም።

ለቅሶውን የሰሙት እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሮጠው ገቡ።

«ምን ደረሰ? ኧረ በቃ ጋሼ ገሠሠ! በቃ፣ በቃ፣ በተዝካር ዋዜማ!»

«እትዬ፣ ዛሬስ ይተዉዋቸው። ይውጣላቸው» አለ አዘዘው። እሱም ራሱ እያለቀሰ ነበር።

እትዬ አሰገደች ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት አያውቁበትም። በመጨረሻ ከአቶ ገሠሠ ጎን ቁጭ አሉና አብረው አለቀሱ።

አቶ ገሠሠ ሲበቃቸው ራሳቸው አቆሙ። ፊታቸው በሻሹ ጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ሞተሩን አዩት፣ የልጃቸውን ያበጠ እግር አዩ።

«አንተ ደግሞ እንደ ስፌት መኪና ነው እንዴ የምትረግጠው? ጋዙን እኔ ልያዝ። አንድ ጊዜ፣ በሙሉ እግርህ።»

አዘዘው ረገጠ። ቱቦው ጥላሸት፣ ጭድና የዛገ ውሃ ተፋ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ሞተሩ ተነሣ። ባጃጅ ነጂው እየሮጠ መጣና «ካንዴላው ነው ብዬ ነበር!» አለ። እስከ ዛሬም እንደዚያ ይላል።

በማግስቱ አባት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ሆነው ጠባቡን ድልድይ ተሻገሩ። አዘዘው በእናቱ ቦታ ተቀምጦ የአባቱን ወገብ ይዞ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ለተዝካሩ የመጣው ሰው አቶ ገሠሠ ራሳቸውን ይስታሉ ብሎ ደጋፊ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። እሳቸው ግን መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሻሹን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና «ስሚ እንጂ ይታክቱ» ብለው የሰባት ዓመቱን ወሬ ጀመሩ።

ወዳጄ ሆይ፣ የዚህ ታሪክ ምክር ከባድ አይደለም። መውጫው የተዘጋበት ነገር መግቢያው ቢከፈት አይጠቅመውም። እሳትም፣ ቤንዚንም፣ አየርም ሞልቶለት፣ ያቃጠለውን ማስወጣት ስላልቻለ ብቻ ይቆማል። ሰውም እንደዚሁ ነው። የወደድነው ሰው ሲቆምብን ምን እናብላው፣ ምን እናልብሰው፣ ምን እንምከረው እያልን እንራወጣለን፤ ውስጡ ምን እንደቀረ ግን አንጠይቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ መውጫውን የወተፍነው እኛው ነን፤ እንዳይጎዳብን ብለን፣ በፍቅር።

ምንም ሳይጎድለው ዝም ያለ ሰው ቤትህ ውስጥ አለ? እንግዲያው ሌላ ነገር ከመጨመርህ በፊት አስብ፤ ለዚያ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ «በቃ» ያልከው መቼ ነበር?