የጋሽ አስናቀ ፊርማ

በአንድ ወቅት ልበል እንጂ ወቅቱ ሩቅ አይደለም፤ መብራት በሳምንት አራት ቀን የሚጠፋበት ነው። ሰንበሌጥ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ነበረ። እዚያ ዘሪቱ የምትባል ሴት ቀትር ላይ ወለደች፤ ሳይመሽ ሞተች። ደም ፈሷት ነው። ሕፃኗ ተርፋለች።

ከሦስት ወር በኋላ ለጤና ጣቢያው የትምህርት ዕድል መጣ። ለአንድ ሰው፣ አራት ዓመት፣ የላቦራቶሪ ዲግሪ። ሦስት ሰዎች አመለከቱ፤ ሦስቱም ዘሪቱ በሞተችበት ቀን ተረኛ ነበሩ። ላቦራቶሪን የወደደ አንድም የለም። የወደዱት መውጫውን ነው።

ይታክቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልምድ ያላት አዋላጅ ናት። ያን ቀን ማህፀኑ እንዲጠነክር የዘሪቱን ሆድ ስታሽ ቆየች፤ ሴትየዋ ካለፈችም በኋላ አላቆመችም፣ ጎትተው ነው ያነሷት። ከዚያ ወዲህ መዳፏ ደንዝዟል። አዋላጅ ደግሞ የምታየው በመዳፏ ነው። በአዋላጅነት ዲግሪ ብትቀጥል የአገልግሎት ዘመኗ እንደሚቆጠርላት፣ ላቦራቶሪ ከገባች ግን ከትናንት ልጆች ጋር ከሀ እንደምትጀምር ባልደረቦቿ ነገሯት።

«የላላውን ከጠነከረው አልለይም» አለች። «ብልቃጥ ግን ማንም ይይዛል።»

የላቦራቶሪ ሰዎች እንዳይሰሙሽ አሏት። አልሳቀችም።

ደባልቄ ነርስ ነው። ወንዙ ሞልቶ አምቡላንሱ ማዶ ስለቀረ፣ ከእሱ መድኃኒት ሊያመጣ ዋኝቶ ተሻገረ። ሲመለስ ዘሪቱ ሞታለች። ሱሪው ሳይደርቅ የሞት ቅጹን ሞላ፤ ከዚያ ሽሮ አዝዞ ጥርግ አድርጎ በላ። ራሱን ያስፈራው ይሄ ነው። ሌላው ሰው ግን በእሱ ደስተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ የሕፃን ደም ሥር በአንድ መርፌ ያገኛል።

«ምንም የማይሰማውን ነርስ በበሽተኛ ላይ አታስቀምጡ» አለ።

እንዬ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ናት። ደም የሚያቆመው መርፌ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ይሞቃል። ጄኔሬተሩ ይጠገን ብላ ከዚያ ቀን በፊት ሁለቴ ለጤና ጣቢያው ቦርድ ጽፋ ነበር፤ ሁለቴም «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ተባለች። በሠልስቱ ለቅሶ ቤት ሄዳ ከሟቿ አባት ከጋሽ አስናቀ ፊት ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ልጅዎ መርፌው ተሰጥቷት ነበር። ሙቀት የነካው ነው። እያወቅሁ ነው ያወጣሁት፤ ሌላ አልነበረኝም።»

ባልደረቦቿ ጉዳችንን አወጣሽ ብለው ሰላምታ ነሷት፤ ምሳዋን ካርቶን መሃል ብቻዋን ትበላለች። አለቃዋ ሳይቀር ትሂድ ይላል፣ ከአፏ ለመገላገል። ከሄደች ሦስተኛውን ደብዳቤ የሚጽፍ የለም።

ዕድሉን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ ሰባት ሰው አለው። ስድስቱ ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስቱ ተከፋፈሉ። ሰባተኛው የሕዝብ ተወካይ ናቸው፤ ጋሽ አስናቀ። አዎ፣ የዘሪቱ አባት። ልጃቸው ከመሞቷ በፊት የተመረጡ ናቸው፤ ከሞተች በኋላ ይውረዱ ለማለት ሁሉም አፈረ። የእንዬ ደብዳቤዎች ሲነበቡ፣ ይተላለፍ ብለው እጃቸውን ካወጡት መካከል እሳቸውም ነበሩ። ሁለቴም።

የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። የሦስቱ ስም ያለበት ወረቀት ፊታቸው ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አነሱ፣ ግን አልፈረሙም። ሰብሳቢው አዘነላቸውና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አይተላለፍም» አሉ። «ግን የሚሄደውን ስመርጥ የሚቀረውንም እየመረጥኩ ነው። ይህቺም ነገ እዚሁ ትመጣለች።»

ሕፃኗ እስክሪብቶውን ያዘች። ቀስ ብለው አስለቀቋት።

እጁ ያልደነዘዘ ይፍረድ፦ የትምህርት ዕድሉ ለማን ይገባል? ለይታክቱ፣ ለደባልቄ ወይስ ለእንዬ? ይህቺ ልጅ አድጋ በዚያ በር ስትገባስ፣ ማን ቆሞ ይጠብቃት?