ወንዝ ላይ የተጣለ ጭድ

አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ሽባባው ይሉታል። ወንዙን እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። በክረምቱ መግቢያ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች መሬቱን ሲያርሱት፣ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል። በዚያ ወራት ሽባባው ጠዋት ጠዋት ወርዶ እጁን ውሃው ውስጥ ይነክራል። ጣቱ ጥርት ብሎ ከታየው «ገና ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ጨርሶ ካልታየው «ዓሣው ጭቃውን ሸሽቷል» ይላል። ደብዘዝ ብሎ ሲታየው ግን መረቡን ያነሳል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ዓሣው የሚሰበሰበው ከገደሉ በታች፣ ወንዙ ሰፍቶ በሚረጋበት ቦታ ነው። የመንደሩ አስጋሪዎች ሁሉ እዚያ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው መረብ ይዘረጋሉ። የሚፈሩት ደራሽ ውሃን ነው፤ ታች ፀሐይ እየወጣ ላይ ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። ገደሉ ረጅም ስለሆነ ከላይ ቢጮኹ ታች አይሰማም። ስለዚህ አንድ ልማድ አላቸው። ከገደሉ በላይ የሚኖሩት አያ ካሳው ተራራው ላይ ዝናብ ሲወርድ ካዩ፣ ጎርፉ ገና ሳይነሳ ወንዙ ላይ ጭድ ይበትናሉ። ጭዱ ከጎርፉ ቀድሞ ይደርሳል። ያየ ሁሉ መረቡን ጥሎ ዳገቱን ይወጣል፤ እስኪመሽም ተመልሶ አይወርድም። በዚህ ልማድ የተነሳ በዚያ መንደር ውሃ የወሰደው ሰው አልነበረም።

ሽባባውን የሚያንገበግበው ግን የአስጋሪው ብዛት ነበር። እሱ መረቡን ሲያነሳ ሁሉም አይተው ይከተሉታል። «ቀኑን የማውቀው እኔ፣ የሚቀራመተው መንደሩ» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ውሃው እንደሚፈልገው ሆኖ አገኘው። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ተከትለውት ገቡ። እሱ ግን «የመረብ ካስማ ቆርጬ ልምጣ» ብሎ በገደሉ ጎን ወጣ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የደበቀውን አንድ ጆንያ ጭድ ወንዙ ላይ ዘረገፈና ተመለሰ። ውሃው ውስጥ ሲገባ ጭዱም ደረሰ።

«ጭድ! ጭድ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ወዲያው አስጋሪው ሁሉ ዳገቱን አልፎ ከዓይን ተሰወረ። የሽባባው ታናሽ ወንድም አንለይም ሊሮጥ ሲል ሽባባው ክንዱን ያዘው።

«ወዴት ነው? ቁም።»

«ጋሼ፣ አብደሃል? ጭዱን አታይም?»

«የጣልኩት እኔ ነኝ።»

አንለይ ወደ ገደሉ ዞሮ አየ። «አንተ? አያ ካሳው ቢሰሙስ?»

«አያ ካሳው ከገደሉ በላይ ናቸው፤ የታቹን አይሰሙም። ይልቅ መረቡን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ለጥር ሙሽራ ነኝ ትል የለ? ልጅቷን በባዶ እጅህ ልታመጣት ነው?»

አንለይ እየፈራ ሳቀ። ታላቅ ወንድሙ በወንዝ ነገር ተሳስቶ አያውቅምና ቆመ። መረቡም እየከበደ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ አንለይ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ደግሞ ጭድ መጣ።»

«የኔው ነው። ሥር ይዞት የቆየው ተለቆ ይሆናል» አለ ሽባባው፣ ዓይኑን ከዓሣው ሳያነሳ።

ጭዱ ግን አላባራም። ወገባቸውን እየታከከ፣ መረቡ ላይ እየተከመረ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ጆንያ ጭድ ይህን ሁሉ ይሆናል?»

የሽባባው እጅ ቀጥ አለ። ጆንያውን የሞላው ራሱ ነው፤ ልኩን ያውቃል። ቀና ብሎ ቢያይ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። «ውጣ!» ሊል አፉን ሲከፍት ገደሉ አገሳ።

እሱን ውሃው ዳር ካለ የሾላ ሥር ጋር አላተመው፤ ሥሩን አቅፎ ቀረ። አንለይን መረቡ ጠልፎት ነበር። ሽባባው የወንድሙን እጅ አንዴ ከጎርፉ በላይ አየው። ከዚያ በኋላ አላየውም።

ጎርፉ ሲጎድል መንደርተኛው ወረደ። አያ ካሳውም ገደሉን ዞረው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ደረሱ። ሽባባውን ያለ ወንድሙ ሲያዩት ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ! ጭዴ አልደረሳችሁም? ዘግይቼ ነው? ንገረኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሽማግሌውን ማየት ጀመረ። ሽባባው ዝም ቢል የአንለይ ደም በእሳቸው ላይ ሊቀር ነው።

«ደርሶናል» አለ በመጨረሻ። «ወንድሜ አይቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ነገረኝ።»

«ታዲያ ምነው አልወጣችሁም?»

«የኔ መሰለኝ።»

አያ ካሳው ነገሩ አልገባቸውም። ጠዋት የሮጡት አስጋሪዎች ግን ገባቸው።

ውሸት የሚጎዳው የሰሙትን ብቻ ይመስለናል። ሒሳቡ እንዲህ አይደለም። ሰዎች ለሕይወታቸው የተማመኑበትን ምልክት ለጥቅሙ ያዋለ ሰው፣ እውነተኛው ምልክት ሲመጣ ከሁሉ በፊት የማያምነው እሱ ራሱ ነው፤ የሚያየው ሁሉ የእጁ ሥራ ይመስለዋልና። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ብቻውን አለመሆኑ ነው። የሚወደው ሰው አምኖት አጠገቡ ይቆማል።

እስቲ አስቡት፤ «እሱ ካለ ልክ ነው» ብሎ ከእናንተ ጋር ውሃ ውስጥ የቆመ ማን አለ?